ከጋያው እስከ ደም ቅዳው

በ14ኛው ክፍለ ዘመን፣ ዐፄ ዐምደ ጽዮን በነገሡበት ዘመን ግድም፣ ከጣና በስተ ምሥራቅ በቤጌምድር ባለ አንድ ዋሻ ውስጥ ሰዎች ጋያ ይስቡ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እሳቱ የሚቀመጥበት የጋያው አፍ ከሸክላ የተሠራ ነው። ጭሱ ውኃ ውስጥ አልፎ ወደ ሳንባ ይወርዳል፤ ከሳንባ ወደ ደም፣ ከደም ወደ አንጎል ለመድረስ ብዙም አይቆይም። ኮሎምቦስ አትላንቲክን ለመሻገር ገና ከመቶ ዓመት በላይ ይቀረው ነበርና ትንባሆ በዚህኛው የዓለም ክፍል አይታወቅም። ጋያው ውስጥ የነደደው ሌላ ነገር ነው።

ዋሻው ላሊበላ ይባላል፤ ከላስታው ላሊበላ ጋር የሚጋራው ስሙን ብቻ ነው። ከአጫሾቹ በፊትም ሰው ተጠልሎበታል። ከ2,500 ዓመት ገደማ በፊት የነበሩት ነዋሪዎቹ ገብስና ሽምብራ ትተው አልፈዋል። ከእነዚያ በኋላ የመጡት ደግሞ የጋያ ሸክላ ጥለው ሄዱ።

ያጨሱት ካናቢስ ነበር። ይህ የታወቀው ግን ስድስት መቶ ዓመት ከምናምን ካለፈ በኋላ ነው። ተክሉ የእስያ ሲሆን፣ በዐረብ ነጋዴዎች እጅ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ እንደ ገባ ይገመታል። የቤጌምድር አጫሾች ስለ አንጎል ደም ዝውውር ምንም ባያውቁም አንዱን ምልክት በየቀኑ ሳያዩት አልቀሩም፤ ካናቢስ ያጨሰ ሰው ዐይኑ ይቀላል። የሚቀላው በዐይኑ ነጭ ላይ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ስለሚሰፉ ነው። ዕፁ የሐሳብ ብቻ ሳይሆን የደም ሥርም ጉዳይ መሆኑ ከመጀመሪያው ፊት ላይ ተጽፎ ነበር ማለት ነው። የሚያነበው ሰው ግን ዘገየ።

ዘመናት አለፉ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ ዛሬ በሊቦ ከምከም ወረዳ ያለችው ይፋግ የታወቀች የገበያ ከተማ ሆና ነበር። በጎንደርና በጎጃም መካከል የሚመላለሱ ሲራራ ነጋዴዎች አሞሌያቸውንና ቡናቸውን ጭነው ያልፉባታል፤ የደሪጣ ሙስሊም ነጋዴዎችም ጎረቤቶቿ ነበሩ። ከሜዳው ወደ ደጋው ሲወጣ ደግሞ የራስ ጉግሣ ከተማ ደብረ ታቦር አለች። ዐፄ ቴዎድሮስ በአጠገቧ በጋፋት፣ አውሮፓውያን ሠራተኞችን ሰብስበው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በ1867 አሠሩ። ከእርሳቸው በኋላ ደብረ ታቦርን አንዱ መቀመጫቸው ያደረጉት ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ትንባሆ ማጨስን በጽኑ ቅጣት ከለከሉ። በዚያን ጊዜ ጋያ ሲባል የሚታሰበው ትንባሆ ነው፤ የዋሻው ጋያ ከአፈር በታች ተረስቷል።

በዚያው ክፍለ ዘመን ሁለት የማይተዋወቁ መንገዶች በሌላው ዓለም ተጀመሩ። አንደኛው በካልካታ ነው። አየርላንዳዊው ሐኪም ዊሊያም ኦሾነሲ በ1839 የሕንዶችን የካናቢስ መድኃኒት በእንስሳትና በሕመምተኞች ላይ ሞክሮ ውጤቱን ለአውሮፓ አሳወቀ። ሁለተኛው የእንግሊዝ ነው። ቻርልስ ሮይና ቻርልስ ሸሪንግተን በ1890 ባሳተሙት ጥናት፣ አንጎል ሥራ የበዛበትን ክፍሉን ራሱ ለይቶ ደም እንደሚያበዛለት ሐሳብ አቀረቡ። ከይፋግ በታች በፎገራ ሜዳ የርብን ውኃ የሚያጠጣ ገበሬ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ውኃው ለሁሉም መደብ እኩል አይለቀቅም፣ የጠማው መደብ ቦዩ ይከፈትለታል፣ የጠገበው ይዘጋበታል። አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ ሰው ባረፈበት ሰዓት ከሚጠቀመው ኦክስጅን 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። የሚያስቀምጠው ስንቅ የለውም። ደም ጨርሶ ቢቋረጥበት ሰው በ10 ሴኮንድ ገደማ ውስጥ ራሱን ይስታል።

ፍሰቱ በቁጥር የተለካው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ወዲህ ነው። አሜሪካውያኑ ሲይመር ኬቲና ካርል ሽሚት ናይትረስ ኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ በማስተንፈስ፣ በጤነኛ ወጣት 100 ግራም የአንጎል ክፍል በደቂቃ 54 ሚሊ ሊትር ያህል ደም እንደሚያገኝ አሰሉ። ያ ቁጥር ዛሬም በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ አለ። ቦዩን የሚከፍተውና የሚዘጋው ማን እንደሆነ ግን ቁጥሩ አይናገርም።

የካናቢሱ መንገድ ከዚህ የባሰ ዘግይቷል። ሞርፊን ከኦፒየም የተለየው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ሲሆን፣ የካናቢስ አስካሪ ንጥረ ነገር ምን እንደሚመስል እስከ 1964 ድረስ በእርግጥ አልታወቀም ነበር። በዚያ ዓመት ቡልጋሪያ ተወልደው በእስራኤል የሚሠሩት ራፋኤል መሹላም ከባልደረባቸው ከየሂኤል ጋኦኒ ጋር ቲኤችሲ የተባለውን ሞለኪውል ለይተው ቅርጹን አሳዩ። ጥሬ ዕቃው ከእስራኤል ፖሊስ መጋዘን የተገኘ 5 ኪሎ የተያዘ ሐሺሽ ነበር። መሹላም ይህን ታሪክ እስከ እርጅናቸው ድረስ እየሳቁ ይናገሩት ነበር።

ቤጌምድርን ወደ ታሪኩ የመለሳት ቁፋሮ የመጣው ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ነው። ጆአን ዶምብሮውስኪ የተባለች የቦስተን ዩኒቨርሲቲ የአርኪዮሎጂ ተመራማሪ የላሊበላን ዋሻና ሌላ ጎረቤቱን ቆፍራ የመጀመሪያ ዘገባዋን በ1970 አወጣች። ከገብሱና ከሽምብራው ሌላ የተገኙት የጋያ ሸክላዎች ለተመራማሪው ኒኮላስ ቫን ደር ሜርወ ደረሱ። እርሱም በሸክላው ውስጥ የቀረውን ጥላሸት በኬሚካዊ ዘዴ መረመረ። በሁለቱ ሸክላዎች ውስጥ የካናቢስ ውህዶች ርዝራዥ ተገኘ፤ የካርበን ልኬቱም 1320ን፣ 80 ዓመት ወዲህና ወዲያ፣ አመለከተ። ውጤቱ በ1975 ታተመ። በአፍሪካ ስለ ካናቢስ ማጨስ በኬሚስትሪ ከተደገፉት ማስረጃዎች ሁሉ ቀደምት ሆኖ የሚጠቀሰው ይኸው የቤጌምድሩ ጋያ ነው። እንዲህ ያለ ግኝት ከጎንደር ቤተ መንግሥቶችና ከጣና ገዳማት ጋር ሲነጻጸር በአገር ቤት ያገኘው ወሬ እጅግ ጥቂት ነው። ምናልባት ዕፁ የሚያሳፍር ስለሆነ ይሆናል፤ ታሪክ ግን የሚያሳፍረውንም ይመዘግባል።

ጥያቄው አሁን ተገለበጠ። የአንድ ተክል ሙጫ የሰውን አንጎል እንዲህ የሚነካው ለምንድን ነው? አካል የማያውቀውን ቁልፍ የሚቀበል በር አይሠራም። በ1988 በሴንት ሉዊስ ዩኒቨርሲቲ አሊን ሃውሌትና ተማሪዋ ዊሊያም ዴቬን በአይጥ አንጎል ውስጥ ካናቢኖይድ፣ ማለትም እንደ ቲኤችሲ ያለ ውህድ፣ የሚያርፍበትን ተቀባይ አገኙ። በ1990 ሊሳ ማትሱዳና ባልደረቦቿ ተቀባዩን የሚሠራውን ዘረ መል ለዩ። ይህ ተቀባይ ሲቢ-1 ይባላል፤ በአንጎል ውስጥ ከተመሳሳይ ተቀባዮች ሁሉ በብዛት ከሚገኙት አንዱ ነው።

ተቀባይ ካለ አካሉ ራሱ የሚልክለት መልእክተኛ መኖር አለበት። ዴቬን ወደ ኢየሩሳሌም፣ ወደ መሹላም ቤተ ሙከራ ሄደ፤ ከቼኩ ኬሚስት ከሉሚር ሃኑሽ ጋር ሆነውም በ1992 ከአሳማ አንጎል አናንዳማይድን አወጡ። ከሦስት ዓመት በኋላ የመሹላም ቡድንና በጃፓን የሱጊዩራ ቡድን በየፊናቸው ሁለተኛውን፣ ሁለት-ኤጂ በሚል አጭር ስም የሚታወቀውን አገኙ። ሁለቱም ከስብ የሚሠሩ ናቸው። እንደ ሌሎቹ የነርቭ መልእክተኞች በከረጢት ተጠራቅመው አይጠብቁም፤ በተፈለጉበት ሰዓት ከሕዋሱ ሽፋን ላይ ተቆርጠው ይሠራሉ፣ ሥራቸውን እንደ ጨረሱም በኢንዛይም ይበጣጠሳሉ። ከጋያው ጭስ የሚለያቸው ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል፤ ቲኤችሲ ደምን ሞልቶ ሁሉንም በር በአንድ ጊዜ ያንኳኳል፣ ለሰዓታትም አይሄድም።

ሁለቱ መንገዶች የተገናኙት በ1995 በቨርጂኒያ ነው። የሪችመንዱ ኧርል ኤሊስና ባልደረቦቹ የጥንቸል ራስ ቅል ላይ መስኮት ከፍተው ቲኤችሲንና አናንዳማይድን በአንጎሏ ላይ ባሉት ትናንሽ ደም ቅዳዎች ላይ ጠብ አደረጉ። ደም ቅዳዎቹ ሰፉ። ኢንዶሜታሲን የተባለው የሕመም ማስታገሻ ሲጨመር ግን መስፋቱ ቆመ። ይህ መድኃኒት የሚያግደው ፕሮስታግላንዲን የተባሉትን ውህዶች መመረት ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ደም ቅዳው የሚሰፋው አናንዳማይድ ራሱ በሚያስነሳው ሌላ የስብ ውህድ አማካይነት ነው ብለው ደመደሙ። አሳማኝ ነበር፤ ግን ሲቢ-1 ራሱ በደም ሥሩ ግድግዳ ላይ ስለ መኖሩ ገና መልስ አልተሰጠም።

መልሱን ካመጡት መካከል ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ ያልሆነ ስም አለ፤ ደበበ ገብረመድኅን። ደበበ በሚልዋኪ፣ በዊስኮንሲን የሕክምና ኮሌጅ፣ በዴቪድ ሃርደር ቤተ ሙከራ ውስጥ የአንጎል ደም ቅዳን ጡንቻ ያጠኑ ነበር። በ1992 ከባልደረቦቻቸው ጋር ያሳተሙት ሥራም አንጎል የሚሠራቸው ሌሎች የስብ ውህዶች የደም ሥሩን እንዴት እንደሚያላሉት የሚያሳይ ነበር። በዚያው ኮሌጅ ሲሲሊያ ሂላርድ የተባለች የካናቢኖይድ አጥኚ ነበረች። የጡንቻው ዕውቀትና የካናቢኖይዱ ዕውቀት በአንድ ሕንፃ ውስጥ መሰባሰባቸው ዕድል ነበር።

ደበበ የመጀመሪያ ደራሲ የሆኑበት ጥናት በ1999 በአሜሪካ የፊዚዮሎጂ መጽሔት ወጣ። የሠሩት በድመት አንጎል ደም ቅዳ ላይ ነው። መጀመሪያ የሲቢ-1 ተቀባይ በጡንቻው ሕዋስ ውስጥ በእርግጥ እንደሚሠራ አሳዩ። ከዚያ አንድ ሕዋስ ብቻ በቀጭን የመስታወት ቱቦ ጫፍ ይዘው በሽፋኑ ውስጥ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ ለኩ። የደም ሥር ጡንቻ የሚኮማተረው ካልሲየም በሽፋኑ ባሉ ልዩ በሮች ሲገባ ነው፤ ብዙ ሲገባ ሥሩ ይጠብባል፣ ሲቀንስ ይላላል። አናንዳማይድ ሲጨመር በእነዚህ በሮች የሚገባው የካልሲየም ጅረት ቀነሰ፤ መጠኑ ሲበዛ ቅነሳውም ጨመረ። ሲቢ-1ን የሚዘጋ መድኃኒት ሲቀድም ውጤቱ ጠፋ። ከተቀባዩ ወደ በሩ ምልክት የሚያደርሰውን ፕሮቲን የሚያሽመደምድ የትክትክ ባክቴሪያ መርዝ ሲጨመርም እንዲሁ ጠፋ። ከአንጎል ተቆርጦ በግፊት የተነፋ ደም ቅዳም ሲሞከር ሰፋ።

ሰንሰለቱ አሁን ሙሉ ሆነ፤ ካናቢኖይድ፣ ተቀባይ፣ ፕሮቲን፣ የካልሲየም በር፣ የላላ ጡንቻ፣ የሰፋ ደም ቅዳ። የሪችመንዱ ግኝት በዚህ አልተሻረም። አካል ለአንድ ሥራ ሁለት መንገድ መያዙ የተለመደ ነው፣ የትኛው መንገድ እንደሚበረታም እንደ እንስሳው ዓይነትና እንደ ደም ሥሩ መጠን ይለያያል። የደበበ ቡድን በቀጣዩ ዓመት፣ የደም ግፊት ሲለዋወጥ የአንጎል ፍሰት ሳይናወጥ እንዲቆይ በማድረግ 20-ሄቴ የተባለ ተቃራኒ፣ ማለትም የሚያጠብብ፣ ውህድ ያለውን ሚና አሳተመ።

2001 ለነርቭ ሳይንቲስቶች የበለጠ የሚታወስ ዓመት ነው። በካሊፎርኒያ፣ በሃርቫርድና በጃፓን ካናዛዋ የሚሠሩ ቡድኖች ካናቢኖይዶች መልእክት ከሚቀበለው ነርቭ ወደ ላኪው ወደ ኋላ እየሄዱ ጩኸቱን እንደሚቀንሱ አረጋገጡ። ስለዚህ በአንጎል ደም ፍሰት ላይ ያላቸው ጫና በሁለት በኩል ነው፤ በቀጥታ የደም ሥሩን ጡንቻ ያላላሉ፣ በጎን ደግሞ የነርቩን ሥራ በመቀነስ የደም ፍላጎቱን ይቀንሳሉ። ሁለቱ ተቃራኒ ሊሆኑ ይችላሉ። ተመራማሪዎች አንድ ጊዜ ፍሰቱ ጨመረ፣ ሌላ ጊዜ ቀነሰ እያሉ የሚጽፉበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

በ2002 የዴቪድ ግሪንበርግ ቡድን ሲቢ-1 እንዳይኖራቸው የተደረጉ አይጦችን ወስዶ ደም ቅዳቸውን በመዝጋት ስትሮክ አደረሰባቸው። ከጤነኞቹ ይልቅ ብዙ የአንጎል ክፍል ሞተባቸው፤ በተጎዳው ክፍል ዙሪያ የሚደርሰው ደምም ያነሰ ነበር። በ2005 ደግሞ ከሚልዋኪ የሂላርድ ቡድን ይህን የሚያብራራ ግሩም ውጤት አመጣ። ደም ሲረጋ የሚወጣውን የማጥበብ ኃይል ያለውን ትሮምቦክሴን የሚመስል ውህድ የአንጎል ደም ቅዳ ላይ ሲያደርጉ፣ ደም ቅዳው ራሱ ካናቢኖይድ አመረተ። ሲቢ-1 ሲዘጋበት ከበፊቱ አብልጦ ጠበበ። በሴሮቶኒን ሲጠብ ግን ካናቢኖይዱ አልጨመረም። መጥበቡ ራሱ ልጓሙን ይዞ ይመጣል፤ ግን ለሁሉም ዓይነት መጥበብ አይደለም።

ከዚህ ተነስቶ ካናቢስ ከስትሮክ ይጠብቃል የሚል አለ፤ ያው ዓመት ይህን አባባል የሚያፈርስ መረጃ ይዞ መጥቷል። በባልቲሞር ሮናልድ ሄርኒንግና ዣን ካዴ አዘውትረው ካናቢስ የሚያጨሱ ሰዎችን የአንጎል ደም ፍሰት በአልትራሳውንድ ለኩ። ትናንሾቹ የደም ሥሮቻቸው ለደም ፍሰት የሚያሳዩት ተቃውሞ ከማያጨሱት ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ፤ ብዙ ሲያጨሱ በነበሩት ላይ ደግሞ በክትትል ሥር ለአንድ ወር ካቆሙ በኋላም ተስተውሏል። በወጣት አጫሾች ላይ የደረሱ ስትሮኮችም በሕክምና መጽሔቶች ተመዝግበዋል። አካሉ በልኩ የሚያመርተውን ነገር ከውጭ ማፍሰስ ያንኑ ጥቅም አያስገኝም።

በ2008 ወደ አማራ ደጋ የሚመልሰን አንድ ጥናት ወጣ። ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች የተሳተፉበት ዓለም አቀፍ ቡድን ከ3,600 ሜትር በላይ የሚኖሩ 9 ኢትዮጵያውያን ወንዶችን መርምሮ፣ የአንጎላቸው የደም ሥሮች ኦክስጅን ሲቀንስ እንዴት እንደሚሆኑ ለካ። የፔሩ ደገኞች ላይ ቀድሞ በተደረገው ተመሳሳይ ጥናት ምላሹ ደካማ ነበር፤ የኢትዮጵያውያኑ ግን ኦክስጅን ሲያጥር ፍሰቱን አሳደገ። በጥናቱ ካናቢኖይድ አልተለካም። ደብረ ታቦር በ2,700 ሜትር ገደማ ላይ ላለችበት አገር ግን የአንጎል ደም ሥር ጉዳይ የሩቅ ቤተ ሙከራ ወሬ ብቻ አለመሆኑን ያሳያል።

የካናቢኖይዱን ዕውቀት መድኃኒት የማድረጉ ሙከራ ግን በከባድ ውድቀት ተጀመረ። ሲቢ-1ን የሚዘጋው ሪሞናባንት፣ ደበበ በቤተ ሙከራ የተጠቀሙበት ያው መዝጊያ፣ በ2006 ለውፍረት ማከሚያ በአውሮፓ ተፈቅዶ ነበር። ሰዎችን ወደ ድብርት ስለ ከተተ በ2008 መጨረሻ ከገበያ ወጣ። በጥር 2016 ደግሞ በፈረንሳይ ሬን ከተማ የባሰ መጣ። የፖርቹጋሉ ኩባንያ ቢያል ያዘጋጀው፣ አናንዳማይድን የሚበጣጥሰውን ኢንዛይም የሚያግድ መድኃኒት በጤነኛ ፈቃደኞች ላይ ሲሞከር አንድ ሰው ሞተ፤ በሌሎችም አንጎል ላይ ደም መፍሰስና ጉዳት በምስል ታየ። ብዙዎች ጥፋቱን በአናንዳማይድ መብዛት ላይ አሳበቡ።

በ2017 የማሪዮ ቫን ደር ስቴልት የላይደን ቡድን ሳይንስ በተባለው መጽሔት ሌላ ማብራሪያ አወጣ፤ መድኃኒቱ ከታለመለት ኢንዛይም ውጭ በነርቭ ሕዋስ ውስጥ ያሉ ሌሎች የስብ ኢንዛይሞችን ያግዳል፣ ያንኑ ዒላማ ብቻ የሚመታው የፋይዘር ውህድ ግን አያግዳቸውም። ያ የፋይዘር ውህድ በ2019 በዬል ዩኒቨርሲቲ ካናቢስን መተው ላቃታቸው 70 ወንዶች ቀረበ። አናንዳማይዳቸው ከፍ ያለላቸው፣ ባዶ ክኒን ከወሰዱት ይልቅ የማቆም ሕመማቸው ቀለለላቸው፤ በአራት ሳምንት መጨረሻም ያነሰ አጨሱ።